የቤተሰብ ፎቶ ያስቀመጥንበት አገልግሎት ሊዘጋ ነው፤ እንዴት እናውጣቸው?

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ጀርመን ከገባን ጀምሮ ለአሥራ አራት ዓመታት ፎቶዎቻችንን ስናስቀምጥበት የኖርነው የኢንተርኔት አገልግሎት በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደሚዘጋ በኢሜይል አሳውቆናል። በውስጡ የልጆቻችን ክርስትና፣ ጎንደር የተደረገው የእኅቴ ሠርግና መልስ፣ እንዲሁም ወንድሜ ከእናታችን አልበም ስካን አድርጎ ያስገባቸው የድሮ ፎቶዎች አሉ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስልኬ ላይ ማስቀመጥ ጀምሬ ነበር፤ በሁለት ቀን ያወጣሁት ግን ስድሳ ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ከሦስት ሺህ ይበልጣል። የተሻለ መንገድ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከስቶክሆልም

እኅታችን፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ በአንድ ማስቀመጡን ዛሬውኑ ቢያቆሙት ይሻላል፤ ድካሙ ሳያንስ፣ በዚያ መንገድ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ዋናው ፎቶ ሳይሆን ለስክሪን እንዲመች ተቀንሶ የተዘጋጀው ቅጂ ነው። ካወጧቸው ስድሳ ፎቶዎች አንዱን ይክፈቱና መጠኑን ይመልከቱ። በካሜራ የተነሣ ፎቶ ሦስትና አራት ሜጋባይት መሆን ሲገባው መቶ ወይም ሁለት መቶ ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ትንሹ ቅጂ ነው። ስልክ ላይ ሲያዩት ልዩነቱ አያስታውቅም፤ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ ግን የሰው ፊት ይደበዝዛል።

አብዛኞቹ አገልግሎቶች በአካውንቱ ማስተካከያ ገጽ ላይ ሁሉንም በአንድነት ማውረጃ አላቸው። ጥያቄውን ካቀረቡ በኋላ ፎቶዎቹ በዚፕ (ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጠቅልሎ በሚይዝ ፋይል) ተጠቅልለው እስኪዘጋጁ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ ከዚያ ሊንኩ በኢሜይል ይደርስዎታል። ሊንኩ ራሱ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ለምሳሌ የጉግል ማውረጃ የሆነው የቴክአውት ሊንክ ከሳምንት ገደማ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ ሊንኩ ሲመጣ ጊዜ ሳይሰጡ፣ በስልክ ሳይሆን በላፕቶፕ ያውርዱት። የዚፑን መጠን እንዲመርጡ ከተፈቀደልዎ ሃምሳ ጊጋባይቱን ትተው ሁለት ወይም አራት ጊጋባይቱን ይምረጡ፤ አንዱ መሐል ላይ ቢቋረጥ የሚደግሙት እሱን ብቻ ይሆናል።

ጀርመን ነዋሪ በመሆንዎ ደግሞ በእጅዎ ያለ አንድ መብት አለ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ፣ በአንቀጽ 15 የራስዎን መረጃ ቅጂ የማግኘት፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይዘውት የመሄድ መብት ይሰጥዎታል። ድርጅቱ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት ይገባዋል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ነው ካለ በሁለት ወር ማራዘም ስለሚችል ግን፣ ስድስት ሳምንት ብቻ ለቀረው ሰው መዘግየት አያዋጣም። ማውረጃው አልሠራ ብሎ እስኪያሰለችዎ ሳይጠብቁ፣ ሁለቱን አንቀጾች ጠቅሰው አጭር ደብዳቤ ጎን ለጎን ይላኩ።

እኔ ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ አገልግሎት ሲዘጋ ሁለት ነገር አጥቻለሁና እሱን ልንገርዎት። የእኅቴ ሠርግ አልበም በገጹ ላይ 431 ፎቶ ያሳይ ነበር፤ አውርጄ ስቆጥረው 412 ሆነ። አሥራ ዘጠኙ የአጎታችን ልጅ ከራሷ አካውንት ወደ አልበሙ የጨመረቻቸው ስለነበሩ፣ በእኔ ስም ከወጣው ውስጥ አልገቡም፤ ይህን የተረዳሁት ደግሞ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ስለዚህ በጋራ የሞላችኋቸው አልበሞች ካሉ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያውርድ፣ ገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥርም ከፎልደሩ ጋር ያስተያዩት።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴው ነበር። እናታችን ከፎቶዎቿ ጀርባ በእርሳስ የጻፈችውን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመና ቦታው የት እንደሆነ፣ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥኩ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ ጽፌው ነበር። ዚፑን ስፈታ ከፎቶዎቹ ጎን በርካታ ጥቃቅን የጽሑፍ ፋይሎች አየሁና ቆሻሻ መስለውኝ ሰረዝኳቸው፤ የእናቴ ጽሑፍ የነበረው ለካ እነሱ ውስጥ ነው። ከጉግል ፎቶስ የሚወርደውም በዚሁ መልክ ነው፤ መግለጫው፣ በኋላ ያስተካከሉት ቀንም ጭምር፣ ከፎቶው ተለይቶ በሌላ ፋይል ይቀመጣል። የማይገባዎትን ፋይል እንኳ ቢሆን እንዳይሰርዙ።

ስለ ቀን ካነሣን፣ የዘመን አቆጣጠራችንም የራሱ ጣጣ አለው። እኔ ቤት የአባቴና የእናቴ ሠርግ በፈረንጅ አቆጣጠር 1974 ተብሎ ሲገባ፣ የታላቅ ወንድሜ ክርስትና ፎቶው ጀርባ ላይ እንዳለው 1971 ተብሎ ገባ። ኮምፒውተሩ በቀን ሲደረድራቸው ወንድሜ ከወላጆቹ ሠርግ ሦስት ዓመት ቀድሞ ክርስትና ተነሣ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ስቃ አላባራችም። ለፋይሉ ስም ሲያወጡ ዓመቱን በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ፣ የፎቶው ጀርባ ያለውን ግን እንዳለ በመግለጫው ይተዉት። በፊደላችን የተሰየሙ ፎልደሮችም አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ዚፑ ሲፈታ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣሉ፤ ያን ጊዜ ሳይደነግጡ ዋናውን ዚፕ ጠብቀው በሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በሰቨን ዚፕ (7-Zip)፣ ይሞክሩት።

ሌላ አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ሁሉንም ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ አዛውሮ መገላገል አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ፣ ከስቶክሆልም

ወንድሜ፣ አንዱን ቅጂ እዚያ ማስቀመጡ መልካም ነው፤ ብቸኛው ቅጂ እሱ እንዲሆን ግን አልመክርም። ያሁ ፎቶስ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግቷል። የፎቶ ስም የነበረው ኮዳክ እንኳ ለኪሳራ ሕግ ከለላ ባመለከተበት በ2012 የኢንተርኔት ጋለሪውን ዘግቶ የደንበኞቹ ፎቶዎች ሻተርፍላይ ወደሚባል ሌላ የፎቶ ድርጅት ተዛወሩ። ጉግልም ቢሆን ፒካሳ የሚባለውን የፎቶ አገልግሎቱን በ2016፣ አልበም አርካይቭ የሚባለውን ደግሞ በጁላይ 2023 አቁሟል። ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ማስቀመጫ አልተዘጋም፤ ሆኖም በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎች ከአንድ ሺህ ፎቶ በላይ እንዳይኖራቸው በ2018 መጨረሻ ወስኖ፣ ትርፉን በቀጣዩ ዓመት እንደሚሰርዝ አስታውቋል። ከዚህም ሌላ ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ ላይ አስፍሯል፤ አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን ስም ላይ ከፍተን የተውናቸው አካውንቶች ስንት እንደሆኑ እያንዳንዳችን እናስብ።

በተለይ ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ወደ አገራቸው ለተመለሱ እኅቶቻችን የስልክ ቁጥር ነገር ፈተና ነው። አካውንቱ የተከፈተው በዚያው አገር ሲም ካርድ ከሆነ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ለማይሠራ፣ ምናልባትም ለሌላ ሰው ለተሰጠ ቁጥር ነው። አካውንቱ ስልካቸው ላይ ገና ክፍት እያለ ቁጥሩን በአዲሱ እንዲቀይሩ ንገሯቸው፤ አንዴ ከወጡ በኋላ የይለፍ ቃሉን ማወቃቸው ብቻ ላይበቃ ይችላል።

እኔ በበኩሌ አንዱን ቅጂ በሃርድ ዲስክ እቤቴ፣ ሁለተኛውን በሌላ ዲስክ ኡፕሳላ ባለችው እኅቴ ቤት፣ ሦስተኛውን በኢንተርኔት አስቀምጫለሁ። ፍላሽ ዲስክን ለማጓጓዣ እንጂ ለማኖሪያ አላምነውም። አገር ቤት ላሉት ሲልኩም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢልኩ ጥራቱ አይቀንስም።

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ማውረጃውን አግኝቼ ጥያቄውን አስገብቻለሁ፤ ካወጣኋቸው ስድሳዎቹም አንዱን ብመለከት እንዳሉት 140 ኪሎባይት ሆኖ አገኘሁት። የእናታችን ፎቶዎች ግን በወንድሜ አካውንት የገቡ ናቸው፣ እሱም ያን ጊዜ የነበረውን ስልክ ቁጥር ከተወው ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ደውዬለት፣ አሮጌው ላፕቶፑ ላይ አካውንቱ እስካሁን ሳይዘጋ እንዳለ ነገረኝ። ላፕቶፑ ግን ቻርጀሩ ስለጠፋ ነገ ፒያሳ ወርዶ የሚገጥምለትን ይፈልጋል።