የስኮትላንድ ስደተኞች የቤተሰብ ወግ ለልብ ወለድ፦ እስከ የት ይታመናል?

ቀለም ቀንድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአንድ ልብ ወለድ መነሻ የሆነ የቤተሰብ ወግ «ባለርስቱ ቤታችንን አቃጥሎ ከሳዘርላንድ አባረረን፤ በ1815 ኖቫ ስኮሺያ ገባን» ይላል (ሳዘርላንድ የሰሜን ስኮትላንድ አውራጃ፣ ኖቫ ስኮሺያ የካናዳ ክፍል ናት፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። የመርከቡ ስም አይታወቅም። ደራሲው ከየት ይጀምር? ወጉና መዝገቡ ቢጣሉስ?

መዝገብ ገላጭ፦
ከመርከቡ አይጀምር። ካናዳ የገቡ ተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር በተሟላ ሁኔታ የሚገኘው ከ1865 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ቁርጥራጭ ነው። ይልቅ ስኮትላንድ የቀረ ወንድም ወይም እህት ይፈልግ። ከ1855 ጀምሮ የስኮትላንድ የሞት መዝገብ የሟቹን አባትና እናት ስም ይጽፋል፤ እናቲቱንም ከማግባቷ በፊት በነበራት የቤተሰብ ስም። በ1856 በ80 ዓመቷ የሞተች እህት፣ በ1776 ግድም የወለዷትን ወላጆች ትነግረዋለች። ለመዝገቡ ቃል የሚሰጠው ግን ልጅ ወይም ጎረቤት ስለሆነ ስህተት አይጠፋውም።

ከ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራ ይጠንቀቅ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት አምስት ያወርደዋል፤ የ39 ዓመቱ ሰው 35 ተብሎ ይገኛል።

የአያት ስም፦
በስኮትላንዶች ልማድ የበኩር ወንድ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት ስም ይጠራል። ስለዚህ በአንድ መንደር ሦስት ጆን ማኬይ ቢገኝ አይደንቅም። የደጋማው ስኮትላንድ ቋንቋ የሆነው ጌሊክ ተናጋሪዎቹ እንደኛው ከነአባቱ ይጠሩት ነበር፦ «ኢየን ማክ አሌስደር»፣ የአሌስደር ልጅ ኢየን። በምልልስ ይህን፣ መዝገብ ጸሐፊ ፊት ሲቆም «ጆን ማኬይ»ን መጠቀም ነው። ሰውየው ስሙ ሲለወጥበት አንባቢ በዓይኑ ያያል።

ባለ ወጋግራ፦
ቃጠሎውን አትጣሉት። ሳዘርላንድ ባለው ስትራዝኔቨር ሸለቆ ውስጥ በ1814ና በ1819 ቤቶች ተቃጥለዋል፤ የባለርስቱ ወኪል ፓትሪክ ሴላርም በ1816 ኢንቨርነስ ከተማ ላይ ተከሶ በነፃ ተለቋል። ግድግዳው ድንጋይና ሣር ያለበት አፈር ነው፤ ውድ የሆነው ወጋግራውና ማገሩ ነበር። እንጨት ብርቅ ስለሆነ ጭሰኛው ነቅሎ ወደ አዲሱ ቤቱ ይሸከመዋል። እሱን ማቃጠል መመለሻ ማሳጣት ነው። ትዕይንቱን እዚያ እንጨት ላይ ይትከለው።

የምጠረጥረው ዓመቱን ነው። ብዙዎቹ ተፈናቃዮች መጀመሪያ የተሰጣቸው ባሕር ዳር ያለች ጠባብ ቁራሽ መሬት ነበረች፤ ከብት አርቢው ዓሣ አጥማጅ ሁን ተባለ። ባሕሩን የተሻገሩት ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። ወግ ሁለቱን አንድ ቀን ያደርጋቸዋል። አያቲቱ በአንደበቷ «በ1815» ትበል፤ ተራኪው ግን በመሐል ያሉትን ዓመታት እንዳይዘላቸው። የልብ ወለዱ ሥጋ ያለው እዚያ ነው።