ክርክር፦ ውጭ አገር የተሞከረ የኤችአይቪ መድኃኒት በራስ አገር ሰው ላይ ሳይጠና ይፈቀድ? የጃፓን ጉዳይ

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ጃፓን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምራ አዳዲስ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችን ባብዛኛው የምትፈቅደው በውጭ አገር ሙከራ ውጤት ነው። መድኃኒቱ ጃፓናውያን ላይ የሚያመጣው ጣጣ የሚጠናው ከፈቃዱ በኋላ ነው። ትክክል ናት? ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፋርማሲስት ከአዳማ፦ አይደለችም። ቴኖፎቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት እዚያ አገር የተፈቀደው በ2004 ነው። ክብደታቸው ቀላል የሆኑ ታካሚዎች ኩላሊታቸው ይበልጥ እንደሚጎዳ የቶኪዮ ሐኪሞች በራሳቸው ታካሚዎች ላይ አጥንተው ያወጡት በ2011 ነው። መሀል ላይ ሰባት ዓመት አለ! ጃፓናዊ ባማካይ ከአሜሪካዊ ቀላል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጥናት አያስፈልግም፤ ገና ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረበት።

ነርስ ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ የደሙን ጉዳይ ዘለልከው። በ1980ዎቹ ወደ 1,400 የሚሆኑ የሄሞፊሊያ (ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ) ሕሙማን ቫይረሱ ያዛቸው፤ ደማቸው እንዲረጋ በሚወስዱት፣ በሙቀት ባልታከመ የደም ምርት። ቫይረሱ እንዲሞት በሙቀት የታከመው አሜሪካ ውስጥ በ1983 ተፈቅዶ ነበር። ጃፓን የአገር ውስጥ ሙከራ ይደረግ ብላ እስከ 1985 ቆየች። አንተ የምትለው ቆይቶ መጠበቅ እኮ ያኔ ተደርጓል፤ ዋጋውንም ሰዎቹ ከፍለዋል።

ፋርማሲስት ከአዳማ፦ እህቴ፣ የዚያ መዘግየት ምክንያት ሳይንስ ነው ወይስ የኩባንያ ጥቅም የሚለው ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነገር ነው። ለአንድ ክፉ መዘግየት ብለን ጥናትን ሁሉ ጠላት አናድርገው።

ነርስ ከባሕር ዳር፦ ጠላት ነው አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ነው የምለው። በ1996 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ ከተጎጂዎቹ ጋር በስምምነት ጨረሰ፤ በማግስቱ ዓመት የኤድስ ክሊኒክ ማዕከል ቶኪዮ ላይ ተከፈተ። አንተ የጠቀስከውን የኩላሊት ጥናት የሠራው ይኸው ማዕከል ነው። መድኃኒቱ ባይፈቀድ ኖሮ ጥናቱ በማን ላይ ይሠራ ነበር?

የመድኃኒት ተመራማሪ ከስቶክሆልም፦ ቁጥሩንም እንይ እንጂ። ጃፓን ውስጥ በዓመት የሚመዘገበው አዲስ ታካሚ አንድ ሺህ ገደማ ነው፤ ከነሱም ሲሶ ያህሉ የሚታወቁት ኤድስ ደረጃ ደርሰው ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ሙከራ ይደረግ ብትል በቂ ሰው ለማሰባሰብ ብቻ ዓመታት ያልፋሉ። የታመመው ሰው ደግሞ አይጠብቅህም።

ከፈቃድ በኋላ የተሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። ኢፋቪሬንዝ የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ለምሳሌ እንይ። ሲዋይፒ2ቢ6 የሚባለው፣ መድኃኒቱን የሚሰባብረው የጉበት ኢንዛይም በዘር ምክንያት የሚደክምባቸው ሰዎች አሉ፤ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ይከማችና ቅዠትና ማዞር ያመጣል። ጃፓናውያን ሐኪሞች ዘረመሉን አይተው መጠኑን ከ600 ሚሊ ግራም ወደ 400፣ አንዳንዱንም ወደ 200 ዝቅ አደረጉ። ቫይረሱ እንደተገታ ቆየ፤ ቅዠቱና ማዞሩም ለብዙዎቹ ቀለለ። ይህ በ2007 ታተመ። አባካቪር በሚባለው ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ምዕራባውያን ለአደገኛው አለርጂ ብለው አስቀድመው የሚፈትሹት ዘረመል ጃፓናውያን ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

ፋርማሲስት ከአዳማ፦ ዶክተር፣ ይኸው ኢንዛይም እኛንም ይመለከታል አይደል?

የመድኃኒት ተመራማሪ ከስቶክሆልም፦ በደንብ! ያው የዘር ልዩነት ኢትዮጵያውያን ላይ በብዛት አለ። ደም ውስጥ የሚከማቸው ኢፋቪሬንዝ ከጉበት ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2012 ወጥቷል።

ፋርማሲስት ከአዳማ፦ እና ከዚያም በኋላ ለዓመታት 600 ስንሰጥ ነው የኖርነው። ሕልም እያስቃዠኝ ነው የሚል ታካሚ ስንቱን «ይለመዳል» ብዬ ሸኝቻለሁ። ስለዚህ ክርክሬን ላስተካክል፦ ይፈቀድ፤ ግን ክትትሉ የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። በሐኪሙ ትጋት ላይ ብቻ አይጣል።

ነርስ ከባሕር ዳር፦ እዚህ ላይ አንድ ነን። ወጪውን ግን ማን ይችላል? የክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ኬሚካል ያለቀበት ላቦራቶሪ ይዘህ ግዴታ ብትል ወረቀት ላይ ይቀራል።

የመድኃኒት ተመራማሪ ከስቶክሆልም፦ ጃፓን ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ኩባንያዎቹ በጋራ ሆነው ነው መረጃውን ከሆስፒታሎች የሚሰበስቡት። ሻጩ ይክፈል።

ነርስ ከባሕር ዳር፦ ለጃፓን ውድ መድኃኒት የሚሸጥ ኩባንያ ይከፍላል። እኛ ጋ የሚመጣው በእርዳታ የተገዛ ርካሽ ጀነሪክ ነው፤ ከዚያ ትርፍ ላይ ማን ቆርሶ ይሰጥሃል?

አስተባባሪ፦ ለዚህኛው መልስ ያለው ይጻፍ። ድምፅ መስጫውን ማታ እከፍታለሁ።