ሳይለካ አይገዛ፦ ለጋራ የቱርቦ ግዢ የምናቀርበው ሐሳብ

ሰብሳቢ፦
ሰላም የጭነት መኪና ማኅበራችን አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የቱርቦ፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ዕቃ፣ የግዢ ሐሳብ እዚህ እንጨርስ። የእኔ መነሻ አጭር ነው። ተለዋጭ ቱርቦ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የኮምፕሬሰር ዊሉ፣ ማለትም እየዞረ አየሩን የሚጨምቀው ባለ ክንፍ ጎማ፣ ይለካ፣ ልኩም ይመዝገብ። ይህን የምለው ራሴ ስለተጎዳሁ ነው። አምና የቀየርኩት ቱርቦ ቀፎው ከድሮው ጋር አንድ ነበር፤ ብሎኑ ሁሉ ገጠመ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ስወጣ ግን መኪናው ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስ በጭስ ሆነ። ስናስፈታው ዊሉ ከድሮው በ4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

ባለንብረት፦
ጋሼ፣ ሰፊ ከሆነ ብዙ አየር አይሰጥም እንዴ? እኔ እንዲያውም ተለቅ ያለውን እንግዛ ልል ነበር። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው።

መምህርት (የቴክኒክ ኮሌጅ)፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዊሉ ሁለት ስፋት እንዳለው አስብ። አየር የሚገባበት ጠባቡ አፍ ኢንዱሰር ይባላል። አየሩ ተወርውሮ የሚወጣበት ሰፊው ጠርዝ ኤክስዱሰር ነው። አፉ በዋናነት የአየሩን መጠን ይወስናል፤ ጠርዙ ደግሞ ግፊቱን። 60 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ያለው ዊል በደቂቃ 120,000 ዙር ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 377 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግፊቱ የሚመጣው ከዚህ ፍጥነት ነው።

ግን ዊሉ ሲሰፋ ይከብዳል። ቅርጹ ሳይለወጥ በሁሉም አቅጣጫ በ10 በመቶ ቢተልቅ፣ ከቆመበት ለማስነሳት የሚጠይቀው ጉልበት በ60 በመቶ ገደማ ያድጋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ዙሩ ሲወርድ የሚወጣው ጭስ ደካማ ነው፣ ትልቁን ዊል ቶሎ አያነሳውም። ናፍጣው ቀድሞ ይገባል፣ አየሩ ይዘገያል። የሰብሳቢያችን ጥቁር ጭስ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መካኒክ (አዳማ)፦
ሌላም አለ። ሹፌሮች «ቱርቦው ይስላል» ይሉኛል። ዊሉ ለሞተሩ ሲበዛና የሚያልፈው አየር ሲያንስ፣ የተጨመቀው አየር ወደ ኋላ ይመለሳል። ድምፁ ያ ነው። እንዲህ እየተንገጫገጨ የሰነበተ ቱርቦ ቡሽና ሻፍት (ዊሉ የሚዞርበትን ዘንግ) ይበላል።

መለዋወጫ ነጋዴ፦
እኔም አባል ነኝና ልናገር። የቱርቦው ታርጋ ላይ ቁጥሩ አለ አይደል? ደንበኛ ሁሉ ዕቃ ይፈታልኝ ካለ ዋስትናውን ማን ይይዛል?

መካኒክ (አዳማ)፦
ወንድም ዓለም፣ ታርጋው ያለው ቀፎው ላይ ነው። ውስጡ ተጠግኖ ዊሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ዋስትናውን ያልከው ግን ልክ ነህ። አፉን ሳይፈታ ከፊት በካሊፐር መለካት ይቻላል። ጠርዙ ግን ከሽፋኑ ስር ነው። እሱን ሻጩ ራሱ ይክፈተው፣ እኛ ፊት ይለካ።

መምህርት፦
በዚህ እስማማለሁ። ሁለቱ ልኮች ከተገኙ ትሪሙን፣ ማለትም የአፉንና የጠርዙን ንጽጽር፣ ማስላት ቀላል ነው። አፉን በራሱ አባዙት፣ ጠርዙን በራሱ አባዙት፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍላችሁ በ100 አባዙ። 46 እና 60 ከሆነ 59 ይመጣል። 50 እና 60 ከሆነ 69። ጠርዛቸው አንድ ቢሆንም የሚያሳልፉት አየር በጣም ይለያያል።

ከፍታውን ደግሞ አትርሱ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 0.76 ገደማ። ቱርቦው በሁለቱም ቦታ 1 ባር ቢጨምር፣ እዚያ አየሩን 2 እጥፍ ብቻ ይጨምቃል፤ እዚህ 2.3 እጥፍ። ስለዚህ ያው ዊል ደጋ ላይ በበለጠ ፍጥነት ይዞራል። ልኩ ካልገጠመ ብቃቱ ይወርዳል። 20 ዲግሪ የነበረ አየር ብቃቱ 75 በመቶ በሆነ ዊል 125 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ይወጣል። ብቃቱ 60 በመቶ ከሆነ 150 ያልፋል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ ይህን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም ይጨናነቃል። ናፍጣችን የሚባክነው እዚህ ነው።

ሹፌር (ጅቡቲ መስመር)፦
እህቴ፣ ቆላውንም አስቡልን። አፋር ሜዳ ላይ ሙሉ ጭነት ይዘን በረጅሙ እንነዳለን። ለዳገት ተብሎ አፉ የጠበበ ቢመጣ እዚያ ይታፈናል።

መምህርት፦
እውነትዎን ነው። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ያያል። እኔ ከፋብሪካው ልክ ባንወጣ እመርጣለሁ።

ባለንብረት፦
ገባኝ። ትልቅ ይገዛ ያልኩትን ትቻለሁ። ግን ፋብሪካው ያወጣውን ልክ ከየት እናገኛለን?

መካኒክ (አዳማ)፦
ካልተነካ ቱርቦ ነዋ። ያልተቀየረ ቱርቦ ያለው አባል ለሰርቪስ ሲመጣ እለካለሁ፣ በሞተር ዓይነት እመዘግባለሁ። አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ዊሉን ብቻ ገዝቶ በድሮው ቀፎ መግጠም ይከልከል። በዊሉና በቀፎው መሃል ያለው ክፍተት ትንሽ ሲሰፋ ግፊት ይሾልካል። ሻፍቱም ሚዛን ሳይሠራለት መዞር የለበትም።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁ እንዲህ ይሁን። «ማኅበሩ በጋራ የሚገዛው ቱርቦ የኢንዱሰርና የኤክስዱሰር ስፋቱ ሻጩ ባለበት ተለክቶ ይመዘገባል። ከፋብሪካው ልክ የተለየ ዕቃ ያለ ቴክኒክ ኮሚቴው የጽሑፍ ስምምነት አይገዛም። ዊል ለብቻው አይቀየርም።» የሚቃወም አለ?

መለዋወጫ ነጋዴ፦
«ሽፋኑን የሚከፍተው ሻጩ ነው» የሚለው ይግባበት፣ እፈርማለሁ። የመጀመሪያውን ልኬት እኔ ሱቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

መካኒክ (አዳማ)፦
ቅዳሜ ጠዋት ካሊፐሬን ይዤ እመጣለሁ።