ረቂቅ ፕሮፖዛል፦ የተግባቦት ስልጠና (አስተያየት እስከ ሐሙስ ብቻ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሦስት ነገር ነው፦ አንድ ገጽ ቴክኒካል ሪፖርት መጻፍ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትን መሐንዲስ ላልሆነ ሰው ማስረዳት፣ የኢንተርቪው ልምምድ። በጀቱ በዚህ ሴሚስተር ካልተጠየቀ ተመላሽ ይሆናል። እንደ አምናው አናንዛዛው።

ሲቪል 5፦ ሪፖርቶቹን እኔ አርማለሁ።

መካኒካል 5፦ ጥሩ ነው። ግን ሰርተፍኬቱ ላይ የኤሌክትሪካል ሎጎ ለምን መጀመሪያ መጣ?

ጸሐፊ፦ በፊደል ተራ ነው።

መካኒካል 5፦ በየትኛው ፊደል? መ ከአ ይቀድማል።

ኬሚካል 3፦ በእንግሊዝኛው ከሆነ ደግሞ እኛ ነን አንደኛ 😂

ኤሌክትሪካል 4፦ አምና አዳራሽ ያስፈቀድነው፣ ወንበር የተሸከምነው እኛ፤ ያኔ ተራ የጠየቀ አልነበረም።

መካኒካል 5፦ አምና ያደረጋችሁት አንድ ተናጋሪ አምጥታችሁ «ህልማችሁን ተከተሉ» ሲለን መዋል ነው። አንድ ተማሪ እንኳ አፉን አልከፈተም። በዚህ ነው የምትኩራሩት?

ኤሌክትሪካል 4፦ አንተ መቼ መጣህና!

ሶፍትዌር 4፦ ኧረ ስለ ይዘቱ እናውራ። ኢንተርቪው ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቀው ስሌት አቅቶን አይደለም። «አንተ ምን ሠራህ?» ሲሉን «ሠርተናል፣ ሞክረናል» እንላለን፤ ጠያቂው የማንን ሥራ እየሰማ እንደሆነ አያውቅም። ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ውጤት መጣ ብሎ በቅደም ተከተል መናገር ልምምድ ነው የሚፈልገው። ሪፖርቱም አይቀነስ። እ.ኤ.አ. በ2003 «ኮሎምቢያ» የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት (ናሳ) መንኮራኩር ከጠፋች በኋላ የምርመራ ቦርዱ ከተቻቸው ነገሮች አንዱ፣ ናሳ ውስጥ በቴክኒካል ጽሑፍ መቅረብ የነበረበት ነገር በፓወርፖይንት ስላይድ መቅረቡን ነው።

መካኒካል 5፦ ትክክል። ሎጎው ግን ይስተካከል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰርተፍኬት በጀቱ ውስጥ የለም እኮ። ማን ነው ያስገባው?

ኤሌክትሪካል 4፦ ያለ ሰርተፍኬት ማን ይመጣል? ሲቪ ላይ ምን ሊጽፉ?

ሶፍትዌር 4፦ ሲቪ ላይ የጻፉትን ማስረዳት ካልቻሉ ምን ሊረባቸው?

ኬሚካል 3፦ በቃ የፕረዘንቴሽን ውድድር እናድርገው። ያሸነፈ ዲፓርትመንት ሎጎ ይቅደም።

መካኒካል 5፦ ይሄ ይሻላል! ዋንጫም ይኑረው።

ኤሌክትሪካል 4፦ ተስማምቻለሁ። ቅድም በስሜት ነው፣ ይቅር።

ሶፍትዌር 4፦ ውድድር ላይ የሚወጣው ድሮም መናገር የሚችለው ነው። የሚፈራው ተመልሶ ሊያጨበጭብ ነው እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ ዋንጫ ካለ የኢንተርቪው ልምምዱ ገንዘብ ወደዚያ ይሄዳል፣ ሌላ ምንጭ የለም። ሲቪል 5፣ ሪፖርቱን አሁንም ታርማለህ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሲቪል 5?

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ስለደረሰ ላስገባው ነው። ርዕሱ «የተግባቦት ስልጠና» እንዳለ ነው። ውስጡ ውድድር ሆኗል። ኢንተርቪውን «ጊዜ ከተረፈ» ብዬዋለሁ፤ ሪፖርቱን የሚያርም ስለጠፋ አውጥቼዋለሁ።

መካኒካል 5፦ ዳኞቹ ከየትኛው ዲፓርትመንት ናቸው?