የማኅበራችን የባሕር ዳርቻ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ዮናስ (ጸሐፊ)፣ ማክሰኞ

ረቂቁ ይኸውላችሁ። እስከ እሁድ ማታ አስተያየት ስጡበት፣ ሰኞ ለጉባኤ ይላካል።

ዓላማ፦ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሮጥ የሚውለው አባል ሁለት ሌሊት ከነቤተሰቡ ውቅያኖስ ዳር እንዲያርፍ። ቦታ፦ ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ። ጊዜ፦ ከዓርብ ጁላይ 25 ከሰዓት በኋላ እስከ እሁድ 27። ከዚያ ካሳለፍነው ኦገስት 7 ፍልሰታ ይገባል። ሰው፦ 17 ቤተሰብ፣ 38 አዋቂና 21 ልጅ። መነሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሩት 50፣ ወደ 140 ማይል።

ወጪ፦ 4 ኮንዶ (የሚከራይ አፓርታማ) ለሁለት ሌሊት 5,200 ዶላር፣ ምግብ 950፣ ፓርኪንግ፣ ቶል (የድልድይ ማለፊያ ክፍያ) እና መጠባበቂያ 500። ድምር 6,650። ከካዝና 3,250 ይወጣል፣ ቀሪው ከየቤተሰቡ 200 ዶላር።

ቅዳሜ ምሳ አሸዋው ላይ፣ በማኅበሩ መሶብ፣ ሁላችንም በአንድ ላይ። ፎቶውም እዚያው ይነሳል።

ብሩክ፣ ማክሰኞ

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ» የሚለው ይሰረዝ። በበጋ ዓርብ ከሰዓት ቤይ ብሪጅ፣ ቼሳፒክ ቤይን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መቆም ነው። ወደ ምሥራቅ የሚወስደው የ1952ቱ ድልድይ 2 መስመር ብቻ ነው ያለው። የ1973ቱ 3 አለው፣ ሲጨናነቅ ከእሱ አንዱን ወደ ምሥራቅ ለሚሄደው ይለቁታል፣ ንፋስ ወይም ዝናብ ካለ ግን አይለቁትም። ስለዚህ ድልድዩን ወይ ዓርብ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ወይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 7 በፊት ማለፍ ነው። እሁድ ሲመለሱም ከጠዋቱ 10 በፊት፣ አለዚያ አምሽቶ።

ሰዓቱን የጻፍኩት በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። ረቂቁም አንዱን ይያዝ። «11 ሰዓት» ተብሎ ግማሹ በሐበሻ ከቆጠረ የ6 ሰዓት ልዩነት ነው።

ቶል የሚከፈለው ሲሄዱ ብቻ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰውም ከ2020 ወዲህ የለም። የሜሪላንድ ኢዚፓስ (ቶሉን በራሱ የሚከፍል መሣሪያ) ያለው ትንሽ ይከፍላል፣ የቨርጂኒያ የያዘ ከዚያ በላይ፣ ቢሉ በፖስታ የሚመጣለት ከሁሉም በላይ። መሣሪያው መስታወት ላይ ይለጠፍ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሳይነበብ ይቀራል።

ሕይወት፣ ማክሰኞ

ቁጥሩ አይገጥምም። 4 ኮንዶ በ10 ሰው 40 ነው፣ እኛ 59 ነን። ልጅም ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ከተፈቀደው በላይ ካስገባን መያዣውን ይበሉብናል፣ ከነዕቃችንም ሊያስወጡን ይችላሉ። ቢያንስ 6 ኮንዶ ነው፣ ያ ደግሞ 7,800 ዶላር ነው። በጁላይ አብዛኛው የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ነው። ለሁለት ሌሊት የሚሰጠው ሳይያዝ የቀረው ብቻ ነው፣ እሱም የጽዳቱን ክፍያ ሙሉውን ያስከፍላል። የመኪና ፈቃድ ለአንድ ቤት በአብዛኛው ሁለት ነው። ዛሬ ካልተደወለ ነገም አይገኝም።

ሄኖክ፣ ማክሰኞ

እኔ እደውላለሁ፣ ነገ ከሥራ መልስ። ቦርድዎኩ (ዳርቻውን ይዞ የሚሄደው የእንጨት መሄጃ) እስከ 27ኛው መንገድ ነው፣ ከ90ኛው ወደ ላይ ጸጥ ስለሚል እዚያ እፈልጋለሁ። ዋጋውን ሐሙስ አሳውቃችኋለሁ።

እትዬ አልማዝ (ገንዘብ ያዥ)፣ ረቡዕ

መሶቡ አሸዋ ላይ አይወጣም። ሌላው ላይ ተስማምቻለሁ።

ማርታ፣ ረቡዕ

እትዬ አልማዝ፣ ለምን? ፎቶው የታሰበው በመሶቡ ነው።

እትዬ አልማዝ፣ ረቡዕ

መሶቡ እንዴት እንደመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውስጡ ስንደዶ ነው፣ ላዩ በአክርማ የተሰፋ። በእያንዳንዱ ዙር መሀል የባሕር አሸዋ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም። በውሃ እንዳይታጠብ ቀለሙ ይለቃል፣ ቀዩ ወደ ነጩ ይሄዳል። በብሩሽ ሲፈተግ አክርማው ይፈታል። የቀረው አሸዋ ሰው ጥርስ ላይ ይመጣል። ጨው ያለበት አየር ከሥሩ ያለውን ቆዳ ያረጥበዋል፣ ካረጠበው ይሻግታል። ክዳኑ ላይ የላላውን ስፌት አይታችሁታል፣ ንፋስ ከያዘው ይሄዳል።

ጋሽ ታደሰ፣ ረቡዕ

መሶብ የሚበላበት ዕቃ ነው። እዚህ አገር ያደጉት ልጆች መሶብ የሚያዩት ምግብ ቤት ጥግ ቆሞ ነው። ማኅበሩ መሶብ አለው ተብሎ ማኅበሩ በአንድነት በወጣበት ቀን ቤት ተቆልፎበት የሚቀር ከሆነ የማን ነው? ይውጣ።

ሰላም፣ ረቡዕ

መካከለኛ መንገድ አለ። መሬት ላይ ሸራ፣ በላዩ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ በላዩ መሶቡ። አሸዋ የሚነሳው ከመሬት ከፍታ እስከ ጉልበት ነው፣ ጠረጴዛው ከዚያ በላይ ነው።

ብሩክ፣ ረቡዕ

ከጉልበት በላይም ይነሳል። ከእኩለ ቀን በኋላ ከባሕሩ የሚነፍሰው ይበረታል። ሸራውም ከየአቅጣጫው በአሸዋ ከረጢት ካልታሰረ ራሱ ይበራል። ድንኳኑን እናምጣ የሚል ካለ፣ የማኅበሩ ድንኳን ባለ 20 ጫማ ነው፣ እንደዚያ ያለ ነገር ዳርቻ ላይ አይተከልም። ዴላዌር ያለው ዳርቻ፣ ሪሆቦት እንሂድ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ደጋግሞ ይነሳልና፣ እዚያ ድንኳን ጭራሽ የተከለከለ ነው፣ ጃንጥላም ከ8 ጫማ እንዳይበልጥ።

ማርታ፣ ረቡዕ

እንጀራውስ? መሶብ ከሌለ 59 ሰው በምን ይበላል? በወረቀት ሳህን ወጥ አሸዋ ላይ ይደፋል።

ሰላም፣ ሐሙስ

ጥቅል ይሠራ። እንጀራው ላይ ወፍራም ሽሮ ወይም ቀይ ወጥ ስስ አድርጎ መቀባት፣ አጥብቆ መጠቅለል፣ ለሁለት ቆርጦ እያንዳንዱን በፎይል። ሳህን አይፈልግም፣ ፎይሉን እየላጡ መብላት ነው። ቅባቱ ከቀጠነ እንጀራውን ያርሰውና በሁለት ሰዓት ይበጠሳል፣ ስለዚህ ሽሮው ማንኪያ የሚያቆም ይሁን።

ብዛቱ፦ ለአዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አንድ፣ 97 ይመጣል። 10 ባለ 10 እሽግ ይገዛ። ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ ላስቲክ ውስጥ አይገባ። እንፋሎቱ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲላጥ ዓይኑ ሁሉ ይገፈፋል። በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። ኩለር ውስጥ በረዶ ላይም አይቀመጥ፣ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለብቻው በካርቶን፣ ከመኪናው ጥላ በኩል።

ወጡ ተቃራኒው ነው። ሐሙስ ተሠርቶ በዚፕ ላስቲክ ጠፍጣፋ አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ ድንጋይ ሲሆን ራሱ የኩለሩ በረዶ ነው። የዶሮ ወጡን እንቁላል ግን አታቀዝቅዙት፣ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ቅዳሜ ጠዋት ተቀቅሎ ይጨመር። ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ወጥ ከኩለር ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ክትፎ አይታሰብ።

ጋሽ ታደሰ፣ ሐሙስ

ለምሳ ፎይል እንድንበላ ነው 200 ዶላር የምናዋጣው? ማዕድ ማለት አንድ ላይ እጅ መዘርጋት ነው። ሁሉም ፎይሉን ይዞ ወደ ፎጣው ከሄደ ማኅበሩ ምን ሠራ?

እትዬ አልማዝ፣ ሐሙስ

ጋሽ ታደሰ፣ መሶቡን በየወሩ እኔ ነኝ ፀሐይ የማሰጣው። ሲበላሽ ጥያቄው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የድንኳኑ ጊዜም «ምንም አይሆንም» ተብሎ ነበር፣ ማን እንደከፈለ መዝገቡ ላይ አለ።

ጋሽ ታደሰ፣ ሐሙስ

የድንኳኑን ጉዳይ እዚህ ማንሳት ተገቢ አይደለም። ስሜ መዝገብ ላይ ያለው ስለከፈልኩ ነው። በዚህ ከሆነ ስሜ ከጉዞው ይውጣ።

ዮናስ (ጸሐፊ)፣ ሐሙስ

የድንኳኑ ሒሳብ ተዘግቷል፣ አይነሳ። ሄኖክ፣ የኮንዶው ዋጋ ዛሬ ነበር የሚጠበቀው።

ሕይወት፣ ዓርብ

ሄኖክ ስልክ አያነሳም። ሁለት ቀን አለፈ። የ59 ሰው መኝታ ሳይያዝ ስለ መሶብ 12 መልእክት ጽፈናል።

እትዬ አልማዝ፣ ዓርብ

ጋሽ ታደሰ፣ ያን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ይቅርታ። ስምዎ አይወጣም። ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ያለበት ቦታ ከተገኘ መሶቡን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። አሸዋ ላይ ግን አይሆንም።

ጋሽ ታደሰ፣ ዓርብ

እኔም ቃሌን አንስቻለሁ። ጣሪያ ካለ እኔ ምን እላለሁ። ክዳኑን ለማሰፋት የሚያስፈልገውን ገመድ እኔ እችላለሁ።

ማርታ፣ ዓርብ

እሺ፣ ጣሪያ የት አለ? አሳቲግ ይሁን? ከኦሽን ሲቲ ጥቂት ማይል ነው፣ ያው ውቅያኖስ ነው፣ ሰውም ይቀንሳል።

ብሩክ፣ ዓርብ

አሳቲግ ዳርቻው ላይ ዛፍ የሚባል የለም፣ ጥላም የለም። የዱር ፈረሶቹ ደግሞ ምግብ ለምደዋል፣ ኩለር ይከፍታሉ። ከእነሱ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው፣ እነሱ ግን መሶብ ካዩ አይርቁም። ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። ወባ ትንኙም ጁላይ ላይ ይበረታል።

ጣሪያ፣ ጠረጴዛና የከሰል ምድጃ ያለው ሳንዲ ፖይንት ስቴት ፓርክ ነው። ሼልተሩ አስቀድሞ ይከራያል። ከድልድዩ ወዲህ ስለሆነ ቶልም የለም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሰላም፣ ዓርብ

ሳንዲ ፖይንት ከሆነ ጥብሱም እዚያው ይጠበሳል። ከሰሉ አመድ እስኪሆን ይነድና ለትኩስ አመድ በተዘጋጀው በርሜል ይጣላል፣ ዛፍ ሥር ከተደፋ ልጅ ይረግጠዋል። ጀበናም መምጣት ይችላል። ለጥብሱ በአዋቂ ግማሽ ፓውንድ፣ 19 ፓውንድ ይበቃል።

ሕይወት፣ ቅዳሜ

ሳንዲ ፖይንት ውቅያኖስ አይደለም፣ ቼሳፒክ ቤይ ነው። ማዕበል የለውም፣ ወዲያ ማዶ መሬት ይታያል፣ ከላይ ደግሞ የምንሸሸው የድልድዩ መኪና ነው የሚታየው። ጁላይ ላይ ጄሊፊሽ ይገባበታል። ልጅ ከተነደፈ በመጠጥ ውሃ አይታጠብ፣ ያባብሰዋል፣ በራሱ በባሕሩ ውሃ ነው የሚታጠበው።

የጻፍነው ዓላማ «ሁለት ሌሊት» ይላል። ሌሊት ሥራ የሚገቡት አባሎች የፈለጉት ነቅተው መንዳት ሳይኖርባቸው አንድ ጠዋት መተኛት ነው። ሄደው በዚያው ቀን ከተመለሱ እሁድ ሥራ ናቸው። ኮንዶውን እኔ ልደውል?

እትዬ አልማዝ፣ ቅዳሜ

ሕይወት፣ ልክ ነሽ። ግን 6 ኮንዶ 7,800 ከሆነ ከምግቡና ከቀረው ጋር 9,250 ነው። ከካዝና 3,250 ቢወጣ ለቤተሰብ 353 ዶላር ይደርሳል። 17ቱም ይከፍላሉ ብዬ ለጉባኤ መፈረም አልችልም። 200ውን ያረጋገጡት እስካሁን 9 ናቸው።

ማርታ፣ ቅዳሜ

353 እኛ ቤት አይቻልም። የአንድ ቀኑን እደግፋለሁ።

ብሩክ፣ ቅዳሜ

ውቅያኖሱን የሚፈልግ ከሳንዲ ፖይንት በኋላ በራሱ ሊቀጥል ይችላል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 5 ሰዓት ካለፈ ድልድዩ ይለቃል። ኦሽን ሲቲ የሚደርሰው ግን የዋና ጠባቂዎቹ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጡ በኋላ ስለሆነ ውሃ አይግባ። ጠባቂ ባለበት ሰዓትም ቢሆን ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ከያዘው ወደ ዳር አይታገል፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝና ሲለቀው ይውጣ።

ዮናስ (ጸሐፊ)፣ እሁድ

ረቂቅ ሁለት፦ ሳንዲ ፖይንት፣ ቅዳሜ ጁላይ 26፣ አንድ ቀን። ከቤተሰብ 60 ዶላር፣ ድምር 1,020፣ ለምግብና ለመግቢያ። የሼልተሩ ኪራይ ከካዝና። ከካዝና ሊወጣ የነበረው 3,250 ባለበት ይቆያል፣ ከእሱ ላይ ለመሶቡ ክዳን ማሰፊያና ለማስቀመጫ ሣጥን ወጪ ይፈቀድ የሚል ነጥብ እትዬ አልማዝ ስላቀረቡ ተጨምሯል።

ሕይወት፣ እሁድ

ርዕሱ ላይ አሁንም «የውቅያኖስ ዳር ዕረፍት» ይላል። ወይ ርዕሱ ይቀየር ወይ ዕረፍቱ ለሴፕቴምበር ተብሎ ለብቻው ይያዝ። ከሌበር ዴይ (ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ ኮንዶ ይረክሳል፣ ሁለት ሌሊትም ይሰጣሉ፣ ውሃውም ገና አልቀዘቀዘም።

ጋሽ ታደሰ፣ እሁድ

ሴፕቴምበር እንቁጣጣሽ ነው፣ አዳራሹ ተከራይቷል፣ መስቀልም አለ። ሁለት ወጪ በአንድ ወር አይሆንም።

ዮናስ (ጸሐፊ)፣ እሁድ

ርዕሱ «የበጋ ሽርሽር» ተብሏል። የሕይወት ሐሳብ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ገብቷል።

ብሩክ፣ እሁድ

አንድ ያልተጻፈ ነገር አለ። ሳንዲ ፖይንት በበጋ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላል፣ ከሞላ መመለስ ነው። ሥጋውን፣ ከሰሉንና መሶቡን የያዙ ሁለት መኪናዎች በሩ ሲከፈት እዚያ መገኘት አለባቸው፣ ማለትም ከሲልቨር ስፕሪንግ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በዚህ አገር አቆጣጠር መነሳት ነው። ስማችሁን ከሥር ጻፉ።

ዮናስ (ጸሐፊ)፣ ሰኞ

ለበሩ ሁለት መኪና፦ እትዬ አልማዝ ከነመሶቡ። ሁለተኛው እስካሁን ባዶ ነው። ሄኖክ፣ ቫኑ ያንተ ስለሆነ ዛሬ መልስ እንጠብቃለን።