ደላላ ፊት የተፈረመ የቤት ውል መቼ ያስራል?

ጥያቄ፦
አዳማ ላይ ቤት ሲሸጥ ደላላው ዘንድ ውል ተጽፎ ቀብድ ይሰጣል። ሻጩ በማግስቱ «ትቼዋለሁ» ቢል ገዢው ሊያስገድደው ይችላል?

መልስ 1፦
የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። ቁጥር 1727 የተዋዋዮችን ሁሉ ፊርማና 2 ምስክሮችን ይጠይቃል። ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ይህ ካልተሟላ፣ በቁጥር 1720 መሠረት ወረቀቱ የማያስገድድ ረቂቅ ብቻ ነው፤ ርእሱ «የሽያጭ ውል» ቢልም።

መልስ 2፦
1723 ላይ ልጨምር። የፌዴራል ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በእነዚህ አካላት ፊት ያልተመዘገበ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ ግን ሻጩ መዋዋሉን ካልካደ ውሉ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደማይፈርስ ወስኗል። ሻጩ እንደማይክድ ተማምኖ ሚሊዮን ብር መክፈል ግን ከባድ አደጋ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

መልስ 3፦
ቀብድ የተቀበለ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል (ቁጥር 1885)። ውሉ ራሱ ረቂቅ ሆኖ ከቀረ ግን እጥፉን መጠየቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ቀሪው ገንዘብ ውሉ በዚያ አካል ፊት በሚጸድቅበት ዕለት ይከፈል። ከዚያ በፊት ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ መኖሩን አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ብዙ ውል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።