የጦር ፎቶ አንሺው ግጥም፦ «ሶሉሽን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፣ ከጅማ

ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የብሪታንያዊቷን ገጣሚ የካሮል አን ደፊን «ዋር ፎቶግራፈር» ለተማሪዎቼ በአማርኛ ላብራራ ስል ሁለት ቦታ ተያዝኩ። አንዷ «ሶሉሽን» የምትለዋ ቃል ናት። ሌላው ፎቶ የሚታጠብበትን ጨለማ ክፍል ከቤተ ክርስቲያን፣ ፎቶ አንሺውን ከቄስ ጋር የሚያመሳስለው ቦታ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቅዳሴ አይተው አያውቁም። ቅርጹንስ ከየት ልጀምርላቸው?

መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቡና አስፈልቶ የሚያስቀምጥ ነው። ግጥሙን ላላነበበ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ፎቶ አንሺ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ፎቶ ያጥባል። ድርጊቱ ይኸው ነው።

«ሶሉሽን» እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ዓይነት ነው። ሰሙ፣ ሳህኑ ውስጥ የሚዋልለው ኬሚካል። ወርቁ፣ መፍትሄ። ሰውየው እጁ ላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በአማርኛ ግን ኬሚካል ይበጠበጣል፣ ችግር ይፈታል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ እዚያ ላይ ሙጭጭ አትበይ። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛው የሌለው አለን፤ ፎቶ «ይታጠባል»። «እጆቹ ማጠብ ጀመሩ» ብትይ ተማሪው መታጠብንም ይሰማል። ጲላጦስን ባያውቅ እንኳ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» የሚለውን ያልሰማ የለም። የግጥሙም ጥያቄ ከዚህ አይርቅም። አይቶ፣ አንስቶ የሄደ ሰው ከደሙ ንጹሕ ነው? እጆቹ እዚያ እሳቱ መሃል አልተንቀጠቀጡም። የሚንቀጠቀጡት አሁን፣ ሰላም አገር ገብተው ነው።

ለቤተ ክርስቲያኑ ከኬሚስትሪው ጀምሪ። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያበላሸውም። ለዚህ ነው ክፍሉ ውስጥ ቀይ መብራት ብቻ የሚበራው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዱስ ቁርባኑ ባለበት ብዙ ጊዜ ቀይ መብራት ይበራል። ገጣሚዋ ያደገችው በካቶሊክ ቤተሰብ ነው፤ ምስሉን ከሩቅ አላመጣችውም። ተማሪሽ ቅዳሴ ባያውቅ ሶላት ያውቃል። ዝምታውን፣ ሰፉ (የሰጋጆቹ ረድፍ) ተስተካክሎ መቆሙን ያውቃል። ፊልሞቹም በተርታ ተደርድረዋል ይላል ግጥሙ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ቅርጹ። እኔ በበኩሌ የግጥሙ ጉልበት እዚህ ነው እላለሁ። 4 አንጓ፣ እያንዳንዱ 6 ስንኝ፤ አንዱም አይጎድል፣ አይተርፍ። ሥቃዩን ልክ እንደ ፊልሞቹ በተርታ አስቀምጣዋለች። ግን ቤት አመታቱን እዪው። 2ኛው ከ3ኛው፣ 5ኛው ከ6ኛው ቤት ይመታል። 1ኛውና 4ኛው ጓደኛ የላቸውም። የግጥሙ የመጀመሪያ ስንኝ በምን ቃል ያልቃል? «ብቻውን» በሚለው! ቤት የሚመታለት የሌለው ቃል እሱ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ አሳዪአቸው፤ አይረሱትም።

ሌላው ነጥቡ ነው። ግጥሙ ጦርነት ያዩ ሦስት ከተሞችን ይጠራል። ቤልፋስት። ቤይሩት። ፕኖም ፔን። ከእያንዳንዱ ከተማ በኋላ አራት ነጥብ። በነጠላ ሰረዝ ብታያይዣቸው የጉዞ መርሐ ግብር ይሆናል።

ሌላ አባል

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የመጀመሪያው አንጓ የሚዘጋው በኢሳይያስ 40፥6 ነው፤ «ሥጋ ለባሽ ሁሉ ሣር ነው»። እኛ አገር፣ በተለይ ጅማ፣ ሣር ሲባል ጉዝጓዝ ይመጣል፤ ቡና፣ ዕጣን፣ በዓል። ተማሪው ፈገግ ሊል ይችላል። በጠዋት ለምልሞ በቀትር የሚጠወልገውን ሣር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሌላ አባል

እናንተ ሁላችሁም ከፎቶ አንሺው ጎን ቆማችሁ ነው የምታነቡት። እኔ 3ኛውን አንጓ ሳነብ ኮረም ነው የሚመጣብኝ። በጥቅምት 1977፣ በረሃቡ ጊዜ፣ የኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ የሞሐመድ አሚን ካሜራ ያሳየው የኛን ሰው ነበር። ግጥሙ ውስጥ ፎቶ አንሺው ከሟቹ ሚስት ያለ ቃል ፈቃድ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። እንግሊዛዊ አንባቢ «ምስኪን ፎቶ አንሺ» ይል ይሆናል። እኔ ሴትዮዋ ምን መለሰች እላለሁ። ግጥሙ አይነግረንም። ክፍል ውስጥ ይህ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ «ማጠብ»ን ወስጃለሁ። አንድ ቀረኝ፤ መጨረሻው ስንኝ «ግድም አይሰጣቸው» ብሎ ያልቃል። ግድ የማይሰጣቸው እነማን ናቸው?

መልስ

ብዙ ሰው የእሑድ ጋዜጣ አንባቢዎቹ ይላል፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ከመቶው ሥቃይ አርታኢው አምስት ስድስቱን ይመርጣል። አንባቢው ከገላ መታጠቢያው ወጥቶ ቢራው እስኪቀዳ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እንግሊዝኛው ላይ «እንባ»ና «ቢራ» እዚያው አንድ ስንኝ ውስጥ ቤት ይመታሉ፤ ምፀት ማለት ይህ ነው። ግን ሰውየው በአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል የሚያየው እንጀራውን የሚያገኝበትን አገር ነው ይላል። ያ እንግሊዝ ነው ወይስ የጦሩ አገር? አይለይም። አማርኛ እዚህ ይረዳሻል፤ «ግድም አይሰጣቸው» በይና ተዪው። «አንባቢዎቹ» የሚል ቃል አትጨምሪ። «ቸው» ማን እንደሆነ መጀመሪያ ልጆቹ ይከራከሩበት።